በፖምፔይ ግድግዳዎች ላይ የተገናኙ አማልክትና ነጋዴዎች

ለመሆኑ ከሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የኖረ አንድ ባለሱቅ ሸቀጡን ለአላፊ አግዳሚው እንዴት ያስተዋውቅ ነበር? ጋዜጣም ሆነ ራዲዮ ባልነበረበት በዚያ ዘመን አንዱ መንገድ የሱቁ ግድግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በደቡብ ኢጣልያ የምትገኘውን የፖምፔይ ከተማ በአመድና በጠጠር ቀበራት። ያው አጥፊ አመድ ግን ብዙ ግድግዳዎችን ከነሥዕላቸው ጠብቆ ለዘመናችን አቆየልን። በዚህ ጽሑፍ ሥዕሎቹ ስለ ገበያና ስለ አማልክት የሚነግሩንን፣ ቀለማቸውም ስለ ምን ለአደጋ እንደተጋለጠ እንመለከታለን።

በከተማይቱ ዋና ጎዳና ላይ ቬሬኩንዱስ የተባለ ሰው የጨርቅ ማምረቻ ይገኛል። በፊት ለፊቱ ግድግዳ በአንደኛው ወገን የከተማይቱ ጠባቂ የነበረችው ቬነስ ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆማለች። ከበታቿ ሠራተኞች ከበግ ጠጉር ጨርቅ ሲሠሩ፣ ዳር ላይም ቬሬኩንዱስ ራሱ ያለቀለትን ጨርቅ ዘርግቶ ሲያሳይ ይታያል። በሌላው ወገን የንግድ አምላክ ሜርኩሪ የገንዘብ ከረጢት ይዞ ከመቅደሱ ይወጣል፤ ከበታቹ ደግሞ አንዲት ሴት ሸቀጥ ትሸጣለች። ከላይ አምላክ፣ ከታች ሥራ ሆነው የተሣሉት፣ ንግዱ በአማልክት ጥበቃ ሥር መሆኑን ለመንገደኛው ለማሳወቅ ይመስላል።

በቬቲ ቤት ግን ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ባለቤቶቹ ከባርነት ነፃ ወጥተው የበለጸጉ ሰዎች እንደነበሩ ይታመናል። በአንደኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት፣ ማለትም ኩፒዶች፣ ሽቶ ይቀምማሉ፣ ወርቅ ያነጥራሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ወይን ጠጅም ይሸጣሉ። እዚህ አማልክቱ ጠባቂ ብቻ አይደሉም፤ ራሳቸው ሠራተኞች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ተቆፍሮ በወጣ አንድ የምግብ መሸጫ ባንኮኒ ላይም በባሕር ፈረስ የተቀመጠች የባሕር አምላክ ልጅ፣ በዚያው ባንኮኒ ከተሣሉ ዳክዬዎችና አውራ ዶሮ ጋር ትታያለች።

እነዚህ ሥዕሎች ይህን ያህል ዘመን የቆዩበት ምስጢር አመዱ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ቀለሙን የሚቀባው ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ ነበር። በልስኑ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ይኸውም የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። በዚህም ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ይሆናል።

ይሁን እንጂ ቀለሙ ራሱ ሸቀጥ ነበር። ደማቁ ቀይ ቀለም፣ ሲናባር፣ የሜርኩሪና የድኝ ውሕድ ነው። በዚያው በ79 ፍንዳታ ሕይወቱ ያለፈው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ፣ የአንድ የሮማ ፓውንድ (330 ግራም ገደማ) ሲናባር ዋጋ ከ70 ሰስተርስ እንዳይበልጥ በሕግ መወሰኑን ጽፏል። ሠዓሊዎች ቀለም የጠገበ ብሩሻቸውን ደጋግመው በውኃ እያጠቡ፣ ከሥር የዘቀጠውን ሲናባር ለራሳቸው ያስቀሩ እንደነበርም ነግሮናል። በንግድ አምላክ ስም የሚጠራው ንጥረ ነገር እንዲህ ለንግድም ለስርቆትም ምክንያት ሆኗል።

ሲናባር ሌላም ጠባይ አለው፤ ለብርሃን ሲጋለጥ ይጠቁራል። አርክቴክቱ ቪትሩቪየስ፣ ፋቤሪየስ የተባለ ጸሐፊ በሮም ያስቀባው ግድግዳ በሠላሳ ቀናት ውስጥ መልኩን እንዳጣ መዝግቧል። የዘመናችን ኬሚስቶች ደግሞ ክሎሪን ያለባቸው ጨዎች ለውጡን እንደሚያግዙ ደርሰውበታል። ፖምፔይ ለባሕር ቅርብ ስለሆነች ጨው ከአየሩ አይጠፋም።

እንግዲህ ቁፋሮ ሁለት ገጽታ አለው። ሥዕሉን ለዓይናችን የሚያበቃው ብርሃን መልሶ ያጠፋዋል። ከከተማይቱ ሲሶው ያህል እስከ ዛሬ ከአመድ በታች ይገኛል። የቀረውን ለማውጣት ከመቸኮል ይልቅ የወጣውን መጠበቅ መቅደም አለበት እንላለን። የታሪክ ምሁሩና ኬሚስቱ ተባብረው ካልሠሩ፣ የባለሱቁ መልእክት አንብበን ሳንጨርሰው ይጠቁርብናል።