ልጆቻችን ይቆጥራሉ፤ ይለካሉን?

 

ለመሆኑ አራተኛ ክፍል የደረሰውን ልጅዎን «አንድ ሜትር ስንት ሳንቲሜትር ነው?» ብለው ጠይቀውት ያውቃሉ? ሳያመነታ «100» ይልዎታል። ቀጥለው «የዚህ በር ቁመት ስንት ሜትር ይመስልሃል?» ይበሉት። አንዱ «10»፣ ሌላው «50» ይላል፤ ሌላው ደግሞ መልሱን ከእርስዎ ፊት ላይ ይፈልጋል። በደባርቅ፣ በዳባትና ከስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የምናስተምር መምህራን ይህን በየዓመቱ እናየዋለን። ልጁ ቃሉን ሸምድዶታል፤ ሜትሩን ግን በእጁ ይዞ አያውቅም።

ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በየተወሰነ ዓመት የተካሄዱት አገር አቀፍ የትምህርት ምዘናዎች የሒሳብ አማካይ ውጤት ከ50 በመቶ በታች መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ይህ አንድ ነገር ነው። ልኬት ግን ከፈተና ወረቀት አልፎ ቤታችን ድረስ ይገባል። በሽሮፕ መድኃኒት ላይ «5 ሚሊ ሊትር» ተብሎ ሲጻፍ፣ ማንበብ የማትችል እናት የምትጠይቀው ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጇን ነው። 5 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ የሾርባ ማንኪያ ግን 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ልጁ ሁለቱን ካልለየ ለታመመው ታናሹ የታዘዘውን ሦስት እጥፍ ያጠጣዋል ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ሲደርስ በደባርቅ ያሉ ት/ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ደግሞ በርካታ ት/ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። መጽሐፍና ጥቁር ሰሌዳ በሌለበት ብዙ ትምህርት ይቆማል። ልኬት ግን በጓዳ፣ በደጅና በገበያ ካለው ዕቃ ሊማሩት የሚቻል ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለመምህራን ብቻ ሳይሆን ለእናትና ለአባትም አዘጋጅተነዋል።

ከክንድና ከስንዝር እንጀምር

ልጅን በመጀመሪያው ቀን ማስመሪያ አስይዘው አይጀምሩ። አያቶቻችን ጋቢውን በክንድ፣ አጭሩን ነገር በስንዝርና በጋት፣ ከዚያም ያነሰውን በጣት ይለኩ ነበር። ልጁም ከዚሁ ይጀምር። የቤቱን ምንጣፍ በራሱ ስንዝር ይለካ፤ አባትም ይለኩት። አባት 10 ስንዝር ሲያገኙ ልጁ 15 ቢያገኝ «ማን ተሳሳተ?» ብለው ይጠይቁት። ትንሽ ያስብበት፤ መልሱን አይንገሩት። ማንም እንዳልተሳሳተ፣ የተለያየው የእጃቸው መጠን መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። ረጅም ክንድ ያለው ገዥና አጭር ክንድ ያለው ሸማኔ ለምን እንደሚከራከሩም የዚያን ጊዜ ይገባዋል። ሜትር የሚባለው መለኪያ ለሁሉም ሰው እኩል እንዲሆን የተበጀ መሆኑን የሚረዳው እንዲህ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ሜትሩን አብረው ይሥሩ። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ይቁረጡና ከልብስ ሰፊው ሜትር ጋር አስተካክለው 100 ሳንቲሜትር ላይ ይከርክሙት። በየ10 ሳንቲሜትሩ በቢላ ምልክት ይደረግበት። ይህ እንጨት ከበሩ ጀርባ ይቀመጥ። የበሩን ቁመት፣ የአልጋውን ርዝመት፣ የበጉን ቁመት ልጁ በየቀኑ ይለካበት። በሚለካበት ጊዜም እንጨቱን ሲያነሳና ሲጥል በመካከል ክፍተት እንዳይተው፣ እላዩም ላይ እንዳይደርብ ይጠንቀቁለት። አብዛኛው የሕፃናት ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማስመሪያ የያዘ ልጅ ላይ የምናየው ሌላው ስሕተት ከ0 በመጀመር ፋንታ ከ1 መጀመር ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የክብሪት እንጨት ወስደው አንደኛውን ጫፍ 3 ላይ ያድርጉትና «ርዝመቱ ስንት ነው?» ይበሉት። ሌላው ጫፍ 7 ላይ ቢያርፍ «7» የሚል ልጅ ቁጥሩን አነበበ እንጂ አልለካም። ከ3 እስከ 7 ያሉትን ክፍተቶች በጣቱ እየነካ ይቁጠር፤ 4 ሳንቲሜትር መሆኑን ያገኘዋል።

አስቀድሞ መገመት

ከመለካቱ በፊት ልጁ ግምቱን ይናገር፤ በደብተሩም ይጻፈው። ከዚያ ይለካና ልዩነቱን ያስላ። ለግምት የሚረዱት መለኪያዎች በሰውነቱ ላይ አሉ። የትልቅ ሰው ስንዝር 20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ የትንሽ ልጅ ጣት ወርድ ወደ 1 ሳንቲሜትር ይጠጋል፤ ሁለት እጅ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ከሰውየው ቁመት ጋር ይቀራረባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የበሩን ቁመት «50 ሜትር» ይል የነበረው ልጅ «2 ሜትር» ሲል ይሰማሉ።

ልጁ ልኬቱ በጥቂቱ ቢለያይ አይዘኑበት። የትልልቆቹም ልኬት ይታረማል። በየቀኑ የምናየውን የስሜንን ተራራ ብንወስድ፣ የራስ ደጀን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው እየተባለ በብዙ መጻሕፍት ሲታተም ኖሯል። በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲለካ ግን ወደ 4,550 ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ተራራው አልጎደለም፤ የተሻለው ልኬቱ ነው። ይህን ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ ቢነግሩት «ልዩነቱ ስንት ሜትር ነው?» የሚለውን ሒሳብ በደስታ ይሠራዋል።

ጣሳ፣ ኪሎና ሷዕ

እኛ መድረሳም ት/ቤትም የተማርን ሰዎች ነን። በመድረሳ ሷዕና ሙድ ተማርን፤ በት/ቤት ሊትርና ኪሎ ግራም ተማርን። ሁለቱን አንድ ላይ አምጥቶ በአንድ ጣሳ የሰፈረልን ግን አልነበረም። ዛሬ ልጆቻችንን እንዲህ ልናስተምራቸው እንችላለን።

አንድ ሙድ መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን አጋጥሞ የሚያፍሰው እህል ነው። አራት ሙድ አንድ ሷዕ ይሆናል። ረመዷን ሲያልቅ ለዘካተል ፊጥር የሚወጣው በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ነው። እናት እህሉን ሲያዘጋጁ ልጁን ይጥሩት፤ አራት ጊዜ ሁለት እፍኝ አድርገው ይስፈሩና ወደ ሱቅ ወስዶ ያስመዝነው። በልማድ የሚሰላው 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሰባት ነፍስ ላለበት ቤት ስንት ኪሎ ይሆናል? 17 ኪሎ ተኩል መሆኑን ልጁ ያስላ። ይህን ያሰላ ልጅ የአስርዮሽ ማባዛትንም፣ የድሃውን ሐቅም በአንድ ጊዜ ተምሯል።

ቀጥሎ በአንዱ ጣሳ ገብስ፣ በዚያው ጣሳ ደግሞ ስንዴ እኩል አድርጎ ይስፈርና ሁለቱን ለየብቻ ያስመዝን። ስንዴው ይከብዳል። «ጣሳው አንድ ሆኖ ሳለ ኪሎው ለምን ተለያየ?» ይበሉት። ጣሳ የሚለካው እህሉ የያዘውን ቦታ ነው፤ ሚዛን ግን ክብደቱን ይለካል። በክፍል ውስጥ ለብዙ ቀናት ብናስረዳው የማይገባው ነገር በዚህ በአንድ ጠዋት ይገባል።

ሚዛን ከሌለ መሥራት ይቻላል። በአንድ ቀጥ ያለ ዘንግ መካከል ገመድ አስረው ያንጠልጥሉና በሁለቱ ጫፎች እኩል የሆኑ ሁለት ክዳኖች ይሰቀሉ። የአንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን መመዘኛ ይሆናል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሙሉ ውሃ 20 ኪሎ መሆኑን ያወቀ ልጅ እኅቱ ከምንጭ ተሸክማ የምትመጣውን ሸክም በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ይህም በአብዛኞቹ ዑለማዎች ስሌት 0.7 ሊትር ገደማ ነው። ልጆቻችሁ በሃይላንዱ ላይ ምልክት አድርገው እነርሱ በስንት ሊትር እንደሚያደርጉ ይለኩ።

የመሬት ደብተርና የጥላ ርዝመት

በክልላችን ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። አባት የሚናገሩት በጥማድ ነው፤ ደብተሩ ግን በሔክታር ይናገራል። በተለምዶ አራት ጥማድ አንድ ሔክታር ተብሎ ይሰላል። አንድ ሔክታር ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ካሬ ወይም 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ጥማድ እንግዲህ 50 ሜትር በ50 ሜትር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ልጁ በሜዳ ላይ 50 ሜትር በገመድ ለክቶ አራት ማዕዘኑን በድንጋይ ምልክት ያድርግና በዙሪያው ይሂድ። የሄደበት 200 ሜትር ዙሪያው ነው፤ በውስጡ ያለው 2,500 ካሬ ሜትር ስፋቱ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ ብዙ ነውና አንድ ጊዜ በእግሩ ይሂድበት።

ያንን የሜትር እንጨት ደግሞ በግቢ ውስጥ አቁመው ጥላውን ያስለኩት። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የዐስር ሶላት ወቅት የሚገባው ጥላው፣ በቀትር ከነበረው ጥላ በላይ፣ የእንጨቱን ቁመት ያህል ሲጨምር ነው። የእኛ አካባቢ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀትር ከአናታችን ላይ ትሆናለች፤ የቆመው እንጨትም ጥላ ያጣል። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋልና የሚያዝያውን ይጠብቁለት።

ሚዛን አደራ ነው

የደባርቅና የዳባት ሙስሊም ቤተሰቦች ብዙዎቹ በንግድ የሚተዳደሩ ናቸው። ልጆቻችን ከት/ቤት መልስ ሱቅ ይቀመጣሉ፤ ስኳርና ጨው ይመዝናሉ። በገበያ የምናየውን እንናገር። አንዳንዱ ሲገዛ ጣሳውን እስኪፈስ ይቆልላል፤ ሲሸጥ ከአፉ ላይ በእጁ ይጠርጋል። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚከፈተው በእነዚህ ሰዎች ላይ በወረደ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው። የነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦችም ከተወቀሱበት ጥፋት አንዱ ሚዛን ማጉደል ነበር። ገበያተኛው ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ጎረቤት ሐቁ አንድ ነው።

ልጁ ይህን በጆሮው ብቻ ሰምቶ እንዳይቀር ያድርጉ። አንድ ጣሳ ቆልሎ ይስፈር፣ ያስመዝን፤ እንደገና ጠርጎ ይስፈር፣ ያስመዝን። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በግራም ይጻፍ። ከዚያም በቀን 20 ጣሳ ቢሸጥ ከሰው ላይ የሚቀረው ስንት ኪሎ እንደሚሆን ያስላው። መልሱን ካገኘ በኋላ «ይህ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁት።

እንግዲህ የተከበራችሁ ወላጆች፣ የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት፣ አንድ ነገር ብቻ ከልጆቻችሁ ጋር ለኩ። በዚህ ሳምንት ምንጣፉን፣ በሚቀጥለው ጀሪካኑን፣ ከዚያ እህሉን። ወንዱም ሴቷም እኩል ይለኩ። የለኩትን በደብተር መዝግበው ት/ቤት ሲከፈት ለመምህራቸው ያሳዩ፤ እኛም በደስታ እናየዋለን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።