አብራሪ ሲናገር ምን ይላል?

በምዕራብ ጎጃም፣ በሽንዲ ዙሪያ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ፣ የአይሮፕላን ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና ብሎ ሰማዩን ሳያይ አይቀርም። ይህ ልጅ ትምህርቱን ፈጽሞ፣ ፈተናውንም አልፎ፣ በአዲስ አበባ ከሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ገባ እንበል። በመጀመሪያ የሚያስጨንቀው ምን ይመስላችኋል? ከፍታው ነውን? ወይስ የሞተሩ ጩኸት? እኔስ የጆሮው ነገር ይመስለኛል። ማዳመጫውን አጥልቆ ራዲዮኑን ሲከፍት ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ከሚሰማው ግማሹን በክፍል ውስጥ አልተማረውም።

ከፊደል እንጀምር። በራዲዮ ጩኸት መካከል ቢ ከዲ፣ ኤም ከኤን አይለይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ስም ወጣለት፤ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለ እስከ ዙሉ ይደርሳል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ይህ የፊደል አጠራር የጸናው ከየካቲት 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የአገራችን አይሮፕላኖች መለያ ኢ ቲ በመሆኑ «ኤኮ ታንጎ» ተብሎ ይነበባል። ተሳፋሪ በሻንጣው ወረቀት ላይ የአዲስ አበባን ስም ኤ ዲ ዲ ተብሎ ተጽፎ ያየዋል፤ አብራሪው ግን ኤች ኤ ኤ ቢ ይለዋል። ኤች የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ፣ ተከታዩ ኤ የኢትዮጵያ ምልክት ነው። ባሕር ዳር ኤች ኤ ቢ ዲ ነው። የኬንያ ጣቢያዎች በኤች ኬ፣ የግብፅ በኤች ኢ ይጀምራሉ። ይህን ያወቀ ሰው ዝርዝሩን እንደ ዳዊት መሸምደድ አያስፈልገውም።

ለአገራችን ልጅ ይልቅ የሚከብደው የሰዓቱ ነገር ነው። እናቱ «ከጧቱ 3 ሰዓት» የምትለውን የውጭ አገር ሰው 9 ሰዓት ይለዋል፤ አብራሪው ደግሞ «06:00 ዙሉ» ብሎ ይጽፈዋል። ዙሉ ማለት የግሪንዊች ሰዓት ነው። በዙሉ አቈጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የአየር ጠባይ የሚነገርበት ሜታር የሚባለው አጭር ጽሑፍም ከጣቢያው ስም ቀጥሎ ቀኑንና ሰዓቱን አጣብቆ ያስቀምጣል። በእንቁጣጣሽ ጧት በ3 ሰዓት የተጻፈው «110600 ዙሉ» ይላል፤ 11 መስከረም 1 የሚውልበት የፈረንጆች ቀን ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን 12 ይሆናል። ባሕረ ሐሳብ ለአብራሪም የሚያስፈልግ መሆኑን ማን ያስብ ነበር?

ከዚህ በኋላ ኪው ኤን ኤች ይመጣል። ተማሪው «ኪው ምንድን ነው? ኤን ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። በቴሌግራፍ ዘመን ረጅሙን ጥያቄ በሦስት ፊደል ለማሳጠር የወጣ ምልክት ነውና ከጀርባው ቃል መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ትርጓሜው ግን የታወቀ ነው፤ የከፍታ መለኪያው ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ እንዲያሳይ የሚስተካከልበት የአየር ግፊት ማለት ነው። በቦሌ ሜዳ ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ መለኪያው 7,625 ጫማ ገደማ ቢያሳይ አልተበላሸም፤ አዲስ አበባ ያለችው እዚያው ነው። ቁጥሩን በዐሥር አሳስቶ የሞላ አብራሪ በ300 ጫማ ያህል ይሳሳታል። ከ4,000 ሜትር በላይ የቆመ እንደ ጮቄ ያለ ተራራ ባለበት አገር 300 ጫማ ቀላል ነገር አይደለም።

በአንጻሩ ከአንዳንዱ ምሕጻረ ቃል ጀርባ ራሱን የቻለ ሥራ አለ። በቦይንግ 737 ማክስ ላይ ኤም ሲ ኤ ኤስ የሚባል ሥርዓት ተገጥሞ ነበር፤ የአይሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ያለ ሲመስለው በራሱ ወደ ታች ይደፋዋል። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ፣ አብራሪዎቹ በሚማሩበት መጽሐፍ ውስጥ ሥራው አልተብራራም። መጋቢት 1 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አይሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ «ይህ ምሕጻር ምንድን ነው?» እያለ መምህሩን የሚያሰለች ተማሪ ካጋጠማችሁ አትቈጡት።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራ ሰምና ወርቅ ሲማር የኖረ ሰው አንድ ቃል ሁለት ትርጓሜ ሲሸከም ደስ ይለዋል። በራዲዮ ግን ሁለት ትርጓሜ ያለው ቃል ሰው ይገድላል። «ሮጀር» ማለት ሰምቻለሁ ማለት ብቻ ነው፤ እሺ እፈጽማለሁ ለማለት «ዊልኮ» ይባላል። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት፣ በጭጋግ ውስጥ፣ የኬ ኤል ኤም አይሮፕላን ረዳት አብራሪ «አሁን መነሣት ላይ ነን» የሚል መልእክት አስተላለፈ። ተቈጣጣሪው ግን የቆሙ መሰለውና «ኦኬ» አለ። አይሮፕላኑ መንደርደር ጀምሮ ነበር፤ በመንገዱ ላይ ከነበረው ከፓን አም አይሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 583 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል የሚነገረው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል።

የሽንዲው ልጅ እንግዲህ አንድ ቀን ከመምህሩ ጋር በትንሿ ሴስና ተቀምጦ በቦሌ መንደርደሪያ አፍ ላይ ቆሟል እንበል። ግንቡ መንደርደሪያ «ዜሮ ሰቨን ራይት» ብሎ ፈቃዱን ይሰጠዋል፤ ይኸውም ወደ 70 ዲግሪ የሚያመራው፣ ከሁለቱም በስተ ቀኝ ያለው ማለት ነው። ልጁ በራሱ ቃል አያሳምረውም። ቁጥሩን፣ ፈቃዱንና የአይሮፕላኑን ስም እንደ ሰማው መልሶ ይናገራል፤ ግንቡም ያዳምጠዋል። ከዚያ በኋላ መምህሩን አየት ያደርግና የኃይል መስጫውን እጀታ ወደ ፊት ይገፋል።