የቆመ መኪና ባትሪ የሚበላው ማነው?

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ኒውዮርክም ስለ ጤፍም አይደለም፣ ስለ ባትሪ ነው። "ደላላ ስለ ባትሪ ምን አገባው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። 23,500 ብር ስላስከፈለኝ ያገባኛል።

ከእህቴ ባል ጋር በሽርክና የያዝናት አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር አለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ጅማ 80 ኩንታል ደረቅ ቡና ጭና ጨረሰች። ወረቀቱ ግን አላለቀም፣ ቅዳሜና እሁድ ቆመች። ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ሾፌሩ ቁልፍ ሲያዞሩ ሞተሪኖው "ጠቅ" ብሎ ዝም አለ። 80 ኩንታል የተጫነ መኪና በግፊ አይነሳ ነገር። ባትሪ የሚሰጥ መኪና እስኪገኝ ረፋዱ 5 ሰዓት ሆነ። ግቤን ወርዳ ወጥታ አዲስ አበባ ስትደርስ መጋዘኑ ተዘግቷል።

ማክሰኞ ጠዋት ገዢው "ዋጋችን እስከ ሰኞ ነበር፣ ኒውዮርክ ደግሞ ሌሊቱን ወርዷል" አለና በፈረሱላ 50 ብር ቆረጠ። 80 ኩንታል ማለት 470 ፈረሱላ ነው፣ እናንተው አስሉት። ገዢውን አልወቅሰውም፣ በሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። አቅራቢው ግን ምን በደለ? ያዘገየው የኛ መኪና ነውና ልዩነቱን ከኪሳችን ሸፈንን።

ይሄ ሦስተኛ ጊዜያችን ነበር። ከአራት ወር በፊት እንዲሁ ቆማ አድራ እምቢ ስትል አንዱን ባትሪ በአዲስ ቀይረናል። ያኔ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ካልጻፍኩት ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ሾፌራችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። "መብራት አብርተው ተኝተው ነው" አልኳቸው። "ልጄ፣ እኔ መብራት አብርቼ ተኝቼ አላውቅም" አሉኝ። አላመንኳቸውም፣ የባትሪውን ግማሽ ዋጋ ከአበላቸው ቀነስኩ። እሳቸውም አልተከራከሩም። ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

ከማክሰኞው ኪሳራ በኋላ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋ ሄድን። ልጁ ገና ምንም ሳይፈታ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለካ። አንዱ 12.8 ቮልት፣ ሌላኛው 11.7። የሞተው ያ አዲሱ ነው! "መብራት ቢሆን ከሁለቱም እኩል ነበር የሚወስደው" አለ። የጭነት መኪና 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች ተቀጣጥለው ነው የሚሠሩት፣ የፊት መብራቱም ከሁለቱ ነው የሚበላው። ጋሼ ከጎኔ ቆመዋል። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

የሞተውን ባትሪ ቻርጅ አድርጎ ከመለሰ በኋላ ቁልፉን አስወጣ፣ በሮቹን አስዘጋ። በሻሲው ላይ የታሰረውን የኔጋቲቭ ገመድ ፈታና ቴስተሩን በ10 አምፔር አድርጎ በባትሪውና በገመዱ መሃል አስገባው። "ማንም ቁልፍ እንዳይነካ፣ ሞተሪኖ ከዞረ ቴስተሩ ይቃጠላል" አለ። ትንሽ ጠብቀን አየነው፦ 0.9 አምፔር። የቆመ ጤነኛ መኪና 0.05 አካባቢ ቢወስድ ነው።

እኛ ሰዎች ሒሳብ እንወዳለንና፦ ከዓርብ 10 ሰዓት እስከ ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት 60 ሰዓት ነው። 60 በ0.9 ሲባዛ 54 አምፔር-ሰዓት። ባትሪው 100 ነው፣ ያውም ሞልቶ ከሆነ። በየቀኑ ስትሠራ ዲናሞው ስለሚተካላት አይታወቅም፤ ወረፋ ወይም ወረቀት ስትጠብቅ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ፣ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ፈታ፣ አሁንም 0.9። እዚህ ላይ ያደረገውን ነገር አልረሳውም። ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘውን አጭር ገመድ ፈታው። እሱ ከተፈታ የመኪናው 24 ቮልት መስመር ተቆርጧል፣ ምንም መሄድ የለበትም። ቴስተሩ ግን 0.9 እንዳለ ነው። "አንዱን ባትሪ ብቻውን የሚጠባ ገመድ አለ" አለና በእጁ ዳበሰ። ናስትሮ የተጠቀለለበት ቀጭን ቀይ ገመድ ከባትሪዎቹ መሃል ተነስቶ ጋቢና ይገባል፣ ከወንበሩ ጀርባ የቴፑ አምፕሊፋየርና ጂፒኤሱ ጋ ይደርሳል። አምፕሊፋየሩ ቴፑ ቢጠፋም አይጠፋም፣ ሲነካ ይሞቃል።

ያንን ገመድ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። መኪናዋን እንደገዛን ቴፑን የገጠመው ሰው "ይሄ 12 ቮልት ነው፣ ወይ ኮንቨርተር ግዛ ወይ ከአንዱ ባትሪ ልውሰድልህ" ሲለኝ "ከአንዱ ውሰድ" አልኩ። የኮንቨርተር ዋጋ ቆጠብኩ ብዬ! ጂፒኤሱን ያስገጠምኩት ደግሞ ጋሼ የት እንደሚያድሩ ለማየት ነበር።

በናንተም መኪኖች ላይ እንዲህ የተገጠመ ቴፕ ወይም ስልክ ቻርጀር አይጠፋም፣ እስቲ እዩት። ምልክቱ አንዱ ባትሪ ሁሌ ቀድሞ መሞቱ፣ የሌላኛው ውሃ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መጉደሉ ነው። ዲናሞው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚሞላ የተራበው ሳይጠግብ የጠገበው ይፈላል። አንዱን ብቻ በአዲስ መቀየርም ገንዘብ መጣል ነው፣ እኛ አይተነዋል። ልጁ ኮንቨርተር አስገባ፣ አምፕሊፋየሩን ከቁልፍ ጋር እንዲጠፋ አደረገ፣ ጂፒኤሱ 24 ቮልት የሚችል ስለነበር የራሱ ፊውዝ ተሰጠው። እንደገና ሲለካ 0.03። ባትሪዎቹን ጥንድ አድርገን ቀየርን።

የቀነስኩባቸውን ብር በፖስታ አድርጌ ለጋሼ ሰጠሁና ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቆጠሩት፣ ኪሳቸው ከተቱት። "ቴፑንም አውጣው፣ እኔ ዜና የምሰማው በስልኬ ነው" አሉኝ።

ቴስተር ገዝቼላቸዋለሁ። ከመጫናቸው በፊት ሁለት ቁጥር በቴክስት ይልኩልኛል። ዛሬ ጠዋት ከአጋሮ የላኩት፦ 12.6 እና 12.6።

የነገ የቡናና የበቆሎ ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይለቀቃል።