ኦቾሎኒ ለሕፃን መቼ ይጀመር?

ዳንግላም ይኑሩ እንጅባራ፣ «ኦቾሎኒ ለሕፃን ይከብዳል፤ ትንሽ ይደግ» የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሐኪሞችም አለርጂን ፈርተው ለዓመታት ይህንኑ ይመክሩ ነበር።

ለንደን የተሠራ አንድ ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ይህ ጥናት ከባድ የቆዳ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ የነበረባቸውን 640 ሕፃናት ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ ኦቾሎኒ ካልቀመሱት ከመቶ 17 ያህሉ አለርጂው ተገኘባቸው። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሲበሉ ካደጉት ግን 3 ያህሉ ብቻ!

ስለዚህ ልጅዎ ስድስት ወር ሲሞላው፣ ተቆልቶ በደንብ የላመ ኦቾሎኒ በገንፎው ወይም ተቀቅሎ በደቀቀ የአዊ ድንች ላይ በጥቂቱ ያስጀምሩት። ፍሬውን እንዳለ አይስጡት፤ ያንቃል። ሻጋታ የነካውን ይጣሉት። ከባድ ችፌ ካለበት ደግሞ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

እኔ ብሆን አዲስ ምግብ የማስቀምሰው ጠዋት ነው። በሌሊት ከገጠር ቀበሌ ባጃጅ ማግኘት ቀላል አይደለማ! ከንፈሩ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ወተት አጠጥተው «ይሻለዋል» እያሉ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ለከባድ አለርጂ የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ነው፤ የአለርጂ ሽሮፕ አይተካውም።