የሎረንስቪል ወህኒ ቤትና የጥገኝነት ጥያቄ

ጥገኝነት የመስጠትም ሆነ የመንፈግ ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት እንጂ የሸሪፍ አይደለም። ሆኖም የግዊኔት ካውንቲ መቀመጫ በሆነችው በሎረንስቪል፣ ስደተኛው ከኢሚግሬሽን ጋር የሚገናኘው በካውንቲው ወህኒ ቤት በኩል ሊሆን ይችላል።

መነሻው እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሕግ ነው (የፈረሙትም ዲሞክራቱ ክሊንተን መሆናቸውን ልብ ይሏል)። ሕጉ የአካባቢ ሹማምንት በውል የፌዴራሉን ሥራ እንዲሠሩ ፈቀደ። ግዊኔት በ2009 ውሉን ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ መንጃ ፈቃድ መኪና ሲነዳ ተይዞ የታሰረ ሰው ሳይቀር ለኢሚግሬሽን ይተላለፍ ጀመር። በ2021 መባቻ አዲሱ ሸሪፍ ኪቦ ቴይለር ውሉን አፈረሱ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ከለላ ቈጠረው፤ በእኔ አስተያየት ግን የአንድ ተመራጭ በጎ ፈቃድ ነበር። በ2024 የጆርጂያ ሕግ አውጪዎች ሸሪፎች የእስረኞችን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዲያጣሩና ከፌዴራሉ ጋር እንዲተባበሩ ሲያስገድዱ፣ የሸሪፉ ምርጫ እጅግ ጠበበ።

ከሸሪፉ በጎ ፈቃድ ይልቅ ጸንቶ የሚቆየው የጥገኝነት ማመልከቻ ነው። እርሱም፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አገር በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይህንም የደነገገው ያው የ1996ቱ ሕግ ነው። የታሰረ ሰው እንኳ ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል። ጠበቃውን የሚያቆመው ግን በራሱ ወይም በወገኖቹ ገንዘብ ነው።