ዘጠና ከመቶ ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1990 በጃፓን በተጀመረው «ፋየር ኤምብለም» በተሰኘው የስልት ጨዋታ የወደቀ ተዋጊ በአብዛኛው ዳግም አይነሣም። ስለዚህም «የመምታት ዕድል 90 ከመቶ» ተብሎ ሳለ ሰይፉ ሲስት፣ ተጫዋቹ ኮምፒዩተሩን በአጭበርባሪነት ይከሳል። ሒሳቡ ግን አይፈርድለትም፤ እንዲህ ያለ ምት አሥር ጊዜ ቢሰነዘር ቢያንስ አንዱ የመሳቱ ዕድል 65 ከመቶ ያህል ነው።

አዘጋጆቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ለጌም ቦይ አድቫንስ ባወጡት ክፍል ብልሃት ዘየዱ። ኮምፒዩተሩ ከ0 እስከ 99 ካሉት ቁጥሮች ሁለት ዕጣ ያወጣል፤ አማካያቸው በስክሪኑ ከታየው ቁጥር ካነሰ ምቱ ያርፋል። የሁለት ዕጣ አማካይ ወደ መካከል ስለሚያደላ፣ 90 የተባለው በተግባር 98.1፣ 10 የተባለው ደግሞ 2.1 ከመቶ ይሆናል። (ውድ አንባቢ፣ በእርሳስ ሊያረጋግጡት ይችላሉ፤ ከ10,000ዎቹ ጥንዶች ድምራቸው 180 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው 190 ብቻ ናቸው።)

የአፍቃሪዎቹ ክርክር የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው። ገሚሱ «በሐሰተኛ ቁጥር ስልት አይነደፍም» ሲል፣ ገሚሱ «ቁጥሩ ከሰው ግምት ጋር ታረቀ» ይላል። በእኛ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ሕጉ ለጠላትም እኩል ይሠራል፤ ሆኖም ተጫዋቹ ከፍተኛውን ዕድል መርጦ ሲመታ፣ ጠላት በዝቅተኛ ዕድልም ይሰነዝራል። በዚህም ምክንያት አንድም ጠላት ሳይቀነስ ጨዋታው ቀልሏል።