የስፓይደርማን መነጽር እና የዐይናችን ሌንስ

እ.ኤ.አ. በ2002 ለተመልካች በበቃው «ስፓይደርማን» ፊልም ውስጥ፣ ፒተር ፓርከር የተባለው ተማሪ ሸረሪት በነደፈችው ማግስት መነጽሩን ሲያደርግ ሁሉ ነገር ይደበዝዝበታል፤ ሲያወልቀው ግን ጥርት ብሎ ይታየዋል። ለመሆኑ ይህ ትዕይንት ከፊዚክስ ሕግ ጋር ይስማማልን?

ፒተር የቅርቡን እንጂ የሩቁን አጥርቶ የማያይ፣ ማለትም ማዮፒያ ያለበት ነበር እንበል። እንዲህ ያለው ዐይን ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው የረዘመ ነው፤ በመሆኑም ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን ሬቲና ላይ ሳይደርስ ይሰበሰባል። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ርዝመት ወደ 3 ዳይኦፕተር የሚጠጋ መነጽር ያሻዋል። የመነጽሩ ስርጉድ ሌንስ ብርሃኑን አስቀድሞ በመበተን ምስሉን ሬቲና ላይ ያሳርፈዋል።

ዐይኑ ከዳነ በኋላ ያው ሌንስ ምስሉን ከሬቲና ኋላ ይጥለዋል። እስከዚህ ፊልሙ ልክ ነው። ሆኖም የወጣት ዐይን ውስጣዊ ሌንስ በመወፈር ኃይሉን በ10 ዳይኦፕተር ገደማ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ፒተር በ3 ዳይኦፕተር መነጽር፣ ዐይኑ እየደከመም ቢሆን፣ አጥርቶ ማየት በቻለ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የረዘመን ዐይን በአንድ ሌሊት የሚያሳጥር ንድፊያ የለም። የሰሌዳው ጽሑፍ እየደበዘዘበት «መነጽር ዐይን ያበላሻል» በሚል ሥጋት፣ ወይም የጓደኞቹን ቀልድ ፈርቶ ዝም የሚል ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም። በልክ የታዘዘ መነጽር ዐይንን አያበላሽም፤ ሥራው ብርሃንን ወደ ቦታው መመለስ ነው። እንግዲህ ሸረሪቷን ከመጠበቅ ዐይንን ማስመርመር ይበጃል እንላለን።